ለኤፒ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ፈተና በባዶ ወረቀት መዘጋጀት

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ለኤፒ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ሃይስኩል ሆነው ለሚፈተኑት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና፣ ሳስጠና ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ፌብሩዋሪ ሲገባ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌ ተመሳሳይ ነው። «መጽሐፉን ሁለቴ ጨርሻለሁ። ሲያስረዱኝ ይገባኛል። ግራፉን ራስሽ ሳዪው ስባል ግን እጄ ይታሰራል።»

ችግሩ የጭንቅላት አይደለም። ማንበብ እና መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። ይሄ ፈተና ደግሞ እጃችሁን ይፈልጋል። ባዶ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ከዚያ «ሳሉ» ይላችኋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዋና የጥናት ዕቃችሁ ባዶ ወረቀት ይሁን። ማድመቂያ ቀለሙን አስቀምጡት።

ፈተናው ምን ይመስላል

የኤፒ አዘጋጅ ድርጅት ኮሌጅ ቦርድ ፈተናውን የሚሰጠው በየዓመቱ ሜይ ወር ላይ ነው። ጠቅላላ ጊዜው 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ 60 የምርጫ ጥያቄዎች በ70 ደቂቃ ትሠራላችሁ። የውጤቱ ሁለት ሦስተኛ እዚህ ነው ያለው። ከዚያ ፍሪ ሪስፖንስ የሚባሉት 3 የጽሑፍ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ለእነሱ 60 ደቂቃ አላችሁ፤ 10ሩ ደቂቃ ለማንበብ የተሰጠ ነው። አንዱ ጥያቄ ረጅም ነው፣ 10 ነጥብ ይይዛል። ሁለቱ አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ።

ከ2025 ጀምሮ ምርጫው የሚሠራው ብሉቡክ በተባለው አፕ ነው። የጽሑፍ ጥያቄዎቹንም የምታነቡት ስክሪን ላይ ነው፤ መልሱን ግን በወረቀት ደብተር ላይ በእጃችሁ ነው የምትጽፉት። ግራፉም በእጅ ነው። ካልኩሌተር ተፈቅዷል፣ አፑም ውስጥ አለ። ብዙም አትመኩበት፤ ቁጥሮቹ ቀላል ናቸው፣ የሚከብደው የትኛውን ቁጥር ከየትኛው እንደምትቀንሱ ማወቁ ነው። ስህተት መልስ ነጥብ አይቀንስም። ስለዚህ አንድም የምርጫ ጥያቄ ባዶ አትተዉ።

ትምህርቱ ስድስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው መሠረታዊ ሐሳቦች ነው። ሁለተኛው ሰፕላይና ዲማንድ (አቅርቦትና ፍላጎት) ሲሆን ከምርጫው ከ20 እስከ 25 በመቶ ይይዛል። ሦስተኛው ምርት፣ ወጪ እና ፐርፌክት ኮምፒቲሽን (ብዙ ትንንሽ ሻጮች ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡበት ገበያ) ነው፤ ከ22 እስከ 25 በመቶ። አራተኛው ሞኖፖሊ (አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት ገበያ) እና ዘመዶቹ፣ ከ15 እስከ 22። አምስተኛው የሠራተኛና የሌላ ግብዓት ገበያ ነው። ስድስተኛው ገበያ ሲሳሳት መንግሥት ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ብቻ የፈተናውን ግማሽ ሊጠጉ ይችላሉ። ጊዜያችሁንም እንደዚያው ክፈሉት።

ትምህርቱ በትምህርት ቤታችሁ የማይሰጥ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ክፍሉን ሳይወስዱ መፈተን ይቻላል። የኤፒ አስተባባሪውን በፎል፣ ትምህርት እንደተጀመረ አነጋግሩ፤ ምዝገባው የሚያልቀው ያኔ ነውና። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች የፈተና ክፍያ ቅናሽ አላቸው። ብዙ ወላጆቻችን ይህን ስለማያውቁ ዝም ብለው ሙሉውን ይከፍላሉ፣ ወይም ልጁ ሳይፈተን ይቀራል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ኮሌጆች 4 ወይም 5 ላመጣ የኮርስ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ 3 የሚቀበሉም አሉ። አንድ የኮሌጅ ኮርስ ስንት ዶላር እንደሆነ ለምታውቅ እናት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሳምንቶቹን መቁጠር

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ጀምሩ። እስከ ሜይ መጀመሪያ 11 ሳምንት ገደማ ታገኛላችሁ። ለመጀመሪያው ክፍል አንድ ሳምንት ይበቃል። ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ሁለት ሁለት ሳምንት ስጡ። ለአምስተኛውና ለስድስተኛው አንድ አንድ። የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ለአሮጌ ፈተናዎች ጠብቁ፤ በምንም ነገር አታስነኩ። በቀን 45 ደቂቃ በቂ ነው፣ በየቀኑ ከሆነ። እሑድ አምስት ሰዓት መቀመጥ ግን ግራፍ አያስለምድም።

ይህ ጊዜ ለብዙዎቻችን ዐቢይ ጾም ነው። የምትጾሙ ከሆነ ከትምህርት ቤት እንደተመለሳችሁ ባዶ ሆዳችሁን ለከባድ ጥናት አትቀመጡ። ከምግብ በኋላ ወይም በማለዳ ያዙት። የሰሙነ ሕማማትንና የፋሲካን ቀናት አስቀድማችሁ ከፕሮግራሙ አውጡ። «እናያለን» ከተባለ ያ ሳምንት ባክኖ ነው የሚቀረው።

አማርኛችን የሚያሳስትባቸው ቃላት

ይህን ክፍል ለእኛ ልጆች ብዬ ነው የምጽፈው፤ ሌላ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገር፣ ወይም ኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ጀምሮ የመጣ ተማሪ አንዳንድ ቃላት ላይ ይሰናከላል። አማርኛው ሁለቱን ሐሳብ በአንድ ቃል ስለሚጠራው ነው።

«እጥረት» የሚለውን ውሰዱ። ስኳር ከሱቅ ጠፍቶ ሰልፍ ሲኖር እጥረት እንላለን። ይሄ በፈተናው ሾርቴጅ ነው። ዋጋው ገበያው ከሚፈልገው በታች ሲያዝ የሚፈጠር ነው፤ ዋጋው ከተለቀቀ ይጠፋል። ስኬርሲቲ ግን ሌላ ነው። እሱ መቼም አይጠፋም። ሀብታም ሰውም ቀኑ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የምንፈልገው ከያዝነው ይበልጣል፣ ስለዚህ መምረጥ አለብን። የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

«ፍላጎት» ደግሞ የባሰ ነው። ቡና ሲወደድ «የቡና ፍላጎት ቀነሰ» እንላለን። ለፈተናው ይሄ ስህተት ነው። የቀነሰው ክዋንቲቲ ዲማንድድ ነው፣ በዚያ ዋጋ ሰው የሚገዛው መጠን ማለት ነው። ከርቩ፣ ዋጋንና መጠንን የሚያገናኘው የግራፉ መስመር፣ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እኛ ነን በከርቩ ላይ ወደ ላይ የወጣነው። ዲማንድ ራሱ ቀነሰ የሚባለው ዋጋው ሳይነካ ሌላ ነገር ሲቀየር ነው። ለምሳሌ ሻይ ረከሰና ሰው ወደ ሻይ ዞረ። ወይም የሰው ገቢ ቀነሰ። ያኔ ከርቩ በሙሉ ወደ ግራ ይሄዳል። በዚህ አንድ ልዩነት ብቻ ብዙ ነጥብ ሲጠፋ አይቻለሁ። ስትጽፉ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የተቀየረው የዕቃው የራሱ ዋጋ ነው ወይስ ሌላ?

ሦስተኛው «ትርፍ» ነው። አንዲት ሴት በዓመት 50,000 ዶላር የምታገኝበትን ሥራ ትታ ሱቅ ከፈተች እንበል። በዓመቱ 120,000 ሸጠች፣ ለኪራይ፣ ለዕቃና ለሠራተኛ 80,000 አወጣች። ሰፈሩ «40 ሺህ አተረፈች» ይላል። ሒሳብ ሠራተኛውም እንደዚያው ይላል። ኢኮኖሚክስ ግን የተወችውን 50,000 ደመወዝ ወጪ ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ 10,000 ከሰረች። ይህን ከገባችሁ «ዜሮ ኢኮኖሚክ ፕሮፊት» የሚለው አያስደነግጣችሁም። ዜሮ ማለት ሌላ ቦታ ብትሠራ የምታገኘውን ያህል እያገኘች ነው ማለት ነው። ሱቁን አትዘጋም። በዚያ ላይ ኮንሲውመር ሰርፕለስንም (ገዢው ሊከፍል በፈቀደውና በከፈለው መካከል ያለውን ልዩነት) በአማርኛ «የሸማች ትርፍ» ብንለው ከፕሮፊት ጋር ይምታታል። እነዚህን በእንግሊዝኛ ስማቸው ያዟቸው።

እኔ የማሠራው ልምምድ ይሄ ነው። ቡና ሲፈላ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ አንዱን ሐሳብ በአማርኛ አስረዱ። እንደገባቸው ከፊታቸው ይታወቃል። ከዚያ ያንኑ ሐሳብ በሁለት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። በአማርኛ ማስረዳት ካቃታችሁ የያዛችሁት ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አይደለም።

ግራፎቹ

የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሙሉ በሙሉ ምርጫ ስለሆነ ከዚያ የመጡ ልጆች ግራፍ ማየት እንጂ መሳል አልለመዱም። እዚህ የተማሩትም ቢሆኑ ስክሪን ላይ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ሁሉም እኩል ነው የሚጀምረው።

ደንቡ አጭር ነው። ሁለቱን መስመሮች አስምሩና ስማቸውን ጻፉ፣ ዋጋ በቁም፣ መጠን በአግድም። እያንዳንዱን ከርቭ ሰይሙ። ከርቮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ ካገኛችሁ በኋላ በነጠብጣብ መስመር ወደ ሁለቱም ጠርዞች አውርዱና ስም ስጡት። ስም የሌለው መስመር ለአራሚው መስመር ብቻ ነው፣ ነጥብ የለውም። ትልቅ አድርጋችሁ ሳሉ። የወረቀቱን ግማሽ ያዙ።

ሞኖፖሊን አብረን እንሳለው። ዲማንድን ወደ ታች እየወረደ ሳሉ። ማርጂናል ሬቨኑ (አንድ ተጨማሪ ዕቃ የሚያስገባው ገቢ) ከሱ በታች ነው፤ ዲማንዱ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ በሁለት እጥፍ ፍጥነት ይወርዳል። ማርጂናል ኮስትን (አንድ ተጨማሪ ዕቃ የሚያስወጣውን ወጪ) ወደ ላይ የሚወጣ አድርጉ። አሁን ማርጂናል ሬቨኑና ማርጂናል ኮስት የሚገናኙበትን ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ፣ መጠኑን አገኛችሁ። ዋጋው የት ነው? እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። መገናኛው ነጥብ ላይ ቆሞ ዋጋውን ወደ ግራ ያነባል። ስህተት ነው። ከዚያ ነጥብ ወደ ላይ እስከ ዲማንድ ከርቭ ውጡ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ሞኖፖሊው የሚያስከፍለው ሰው ሊከፍል የፈቀደውን ነው፤ ያን የሚነግረን ደግሞ ዲማንድ ነው። አቬሬጅ ቶታል ኮስትን (ለአንድ ዕቃ በአማካይ የሚወጣውን ጠቅላላ ወጪ) ጨምሩበት። በዋጋውና በሱ መካከል ያለው ሬክታንግል ፕሮፊት ነው። ዴድዌይት ሎስ (ማንም ሳያገኘው የሚባክነው ጥቅም) ከሞኖፖሊው መጠን ተነስቶ ዲማንድ ከማርጂናል ኮስት ጋር እስከሚገናኝበት ያለው ትሪያንግል ነው።

ይህን ከያዛችሁ ሞኖፕሶኒን በነፃ አገኛችሁት። አንድ ቀጣሪ ብቻ ያለበት የሠራተኛ ገበያ ነው። ማርጂናል ፋክተር ኮስት (አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ የሚያስወጣው ወጪ) ከሰፕላይ በላይ ይሆናል። ከማርጂናል ሬቨኑ ፕሮዳክት (አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ከሚያስገባው ገቢ) ጋር የሚገናኝበትን ፈልጉ፣ ሠራተኛውን ቁጠሩ፣ ደመወዙን ለማወቅ ግን ወደ ታች እስከ ሰፕላይ ውረዱ። ሞኖፖሊ ለዋጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞኖፕሶኒ ለደመወዝ ወደ ታች ይወርዳል።

ፐርፌክት ኮምፒቲሽን የሚመጣው በጎን ለጎን ሁለት ግራፍ ነው። ግራ ገበያው፣ ቀኝ አንዱ ድርጅት። ዋጋው ከገበያው ተነስቶ በነጠብጣብ ወደ ድርጅቱ ይሻገራል፤ እዚያ ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል። በረጅም ጊዜ ሚዛን ይህ መስመር የአቬሬጅ ቶታል ኮስትን ዝቅተኛ ነጥብ ይነካል። አሁን ዲማንድ ጨመረ በሉና ተከታተሉት። ዋጋ ይወጣል። ድርጅቱ በማርጂናል ኮስቱ ላይ እየወጣ ብዙ ያመርታል፣ ያተርፋል። ትርፉን ያዩ አዳዲስ ድርጅቶች ይገባሉ። የገበያው ሰፕላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዋጋ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ኮንስታንት ኮስት ኢንዱስትሪ፣ ድርጅቶች ሲበዙ ወጪ የማይቀየርበት፣ ከሆነ ማለቴ ነው። አንዱ ድርጅት ወደ ድሮ መጠኑ ይመለሳል፣ ገበያው ግን ከበፊቱ በልጦ ይቀራል። ይህን ታሪክ ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ ሦስት ቀን በተከታታይ ሳሉት። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ነው፤ ሙሉውን ትምህርት በአንድ ገጽ ያሳያልና።

ስለ ዴድዌይት ሎስ አንድ ነገር። ትሪያንግሉን የት እንደምታጠቁሩ ከጠፋችሁ ጫፉ ሁልጊዜ ለኅብረተሰቡ ትክክለኛው መጠን ወዳለበት ነጥብ ያመለክታል። ፋብሪካ ወንዝ ሲበክል ገበያው ከሚገባው በላይ ያመርታል፣ ስለዚህ ጫፉ ወደ ግራ ያያል። ሞኖፖሊ ከሚገባው በታች ያመርታል፣ ጫፉ ወደ ቀኝ ያያል።

ሌላም ተደጋግሞ የሚመጣ አለ። መንግሥት በአንድ ጊዜ የሚከፈል ቋሚ ግብር፣ ላምፕ ሰም ታክስ፣ ቢጥል ድርጅቱ የሚያመርተው መጠን ይቀየራል? አይቀየርም። ማርጂናል ኮስቱ አልተነካም። የሚቀንሰው ትርፉ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚጣል ግብር ግን ማርጂናል ኮስትን ያነሳል፣ መጠኑንም ይቀንሳል።

ቁጥር የሚያስፈልጋቸው

የንፅፅር ብልጫ፣ ኮምፓራቲቭ አድቫንቴጅ፣ ሁሌም አለ። አስቴር በቀን 60 እንጀራ ወይም 20 ዳቦ ትጋግራለች። ሰናይት 40 እንጀራ ወይም 20 ዳቦ። ለአስቴር አንድ ዳቦ 3 እንጀራ ያስከፍላታል፣ ለሰናይት 2 እንጀራ። ስለዚህ ዳቦውን ሰናይት ትጋግር፣ እንጀራውን አስቴር። ሁለቱም የሚጠቀሙበት ልውውጥ አንድ ዳቦ በ2 እና በ3 እንጀራ መካከል ሲሆን ነው። ጥያቄው በቀን ስንት ትሠራለች ሳይሆን አንዱን ለመሥራት ስንት ሰዓት ይፈጅባታል ብሎ ከመጣ ክፍልፋዩ ይገለበጣል። ከማስላታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ አንብቡ።

ታክስም እንዲሁ። ዋጋው 10 ዶላር፣ መጠኑ 100 ነበር። የ4 ዶላር ታክስ ሲመጣ ገዢው 13 ይከፍላል፣ ሻጩ 9 ይቀረዋል፣ መጠኑ 80 ይሆናል። የመንግሥት ገቢ 4 ሲባዛ በ80፣ ማለትም 320 ነው። ዴድዌይት ሎሱ የ4 እና የ20 ብዜት ግማሽ፣ 40 ነው። ከ4ቱ ዶላር 3ቱ ገዢው ላይ ወደቀ፣ ምክንያቱም እዚህ ገበያ ውስጥ ለዋጋ ለውጥ ይበልጥ ግትር የሆነው እሱ ነው።

ሠራተኛ ስንት ይቀጠር ለሚለው፦ ዕቃው 5 ዶላር ይሸጣል፣ ደመወዝ 60 ነው። ተጨማሪ ሠራተኞች በተራ 20፣ 15፣ 12 እና 8 ዕቃ ይጨምራሉ። በ5 አባዙት፦ 100፣ 75፣ 60፣ 40። ሦስተኛው ላይ ቁሙ፤ እሱ የሚያስገባው 60 ከደመወዙ ጋር እኩል ነውና።

የጌም ቲዎሪ ሠንጠረዥ (ሁለት ተቀናቃኞች በየምርጫቸው የሚያገኙት የተጻፈበት) ሲመጣ የአንዱን ተጫዋች ቁጥር በእጃችሁ ሸፍኑ። ተቀናቃኙ ከፍተኛ ዋጋ ቢመርጥ ለኔ የቱ ይሻላል? ዝቅተኛ ቢመርጥስ? ሁለቱም ጊዜ መልሱ አንድ ከሆነ ዶሚናንት ስትራቴጂ ነው። መልሱን ስትጽፉ ቁጥሮቹን አሳዩ፣ «70 ከ50 ይበልጣል፣ 30 ከ20 ይበልጣል» ብላችሁ።

የጽሑፍ ጥያቄዎቹን መመለስ

ድርሰት አይደለም። መግቢያና መደምደሚያ አይፈልግም። ጥያቄው ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ በፊደል ተከፋፍሏል፤ እናንተም በዚያው ፊደል መልሱ። ትእዛዙን እዩ። «አይደንቲፋይ» ካለ አንድ ቃል ወይም ቁጥር ይበቃል። «ኤክስፕሌይን» ካለ «ምክንያቱም» የሚል ሐረግ የግድ ነው፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ምክንያቱ ከሌለ ነጥቡ አይሰጥም። «ካልኩሌት» ካለ ስሌቱን ጻፉ፤ ባዶ ቁጥር ብቻ አታስቀምጡ። ለረጅሙ 25 ደቂቃ ያህል፣ ለአጫጭሮቹ 12 12 ደቂቃ ያዙ። አንዱ ቢያጣብቃችሁ ቀጣዩን ፊደል ሞክሩ። የመጀመሪያውን ስለሳታችሁ ብቻ ሁሉም ጠፋ ማለት አይደለም።

ኮሌጅ ቦርድ የቀድሞ ዓመታትን የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነማረሚያቸው በድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧል። ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ የለም። ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ከዚያ በሌላ ቀለም እስኪርብቶ ራሳችሁን አርሙ፣ እንደማታውቁት ሰው ጨክናችሁ። «ይህን ለማለት ነበር» የሚባል ነጥብ የለም። የሳታችሁትን በአንድ ደብተር ጻፉ፦ ጥያቄው፣ ያልኩት፣ ትክክሉ፣ ለምን እንደሳትኩ። ከሦስት ፈተና በኋላ ደብተሩን ስታገላብጡ ያው ሁለት ሦስት ስህተት እየተደጋገመ ታገኙታላችሁ። የመጨረሻዎቹን ቀናት ለእነሱ ብቻ ስጡ።

ለምርጫው ደግሞ አንድ ጥያቄ 70 ሰከንድ ነው ያለው። ግራፍ ያልተሰጠበት ጥያቄ ሲመጣ መጫሪያ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ግራፍ ጫር አድርጉ። በሐሳብ ብቻ ከርቭ ለማንቀሳቀስ የሚሞክር ሰው ይሳሳታል።

የመጨረሻው ሳምንት

ብሉቡክን አስቀድማችሁ ጫኑና የልምምድ ፈተናውን አንዴ ክፈቱት። ኮምፒውተሩን ማታ ቻርጅ አድርጉ። እስኪርብቶም እርሳስም ያዙ፣ ምን እንደሚፈቀድ አስተባባሪውን ጠይቁ። ከፈተናው በፊት ባለው ምሽት አዲስ ነገር አታንብቡ። ግራፎቹን አንድ ጊዜ ብቻ በባዶ ወረቀት ሳሉና ተኙ።

ፈተናው ላይ በ10ሩ የማንበቢያ ደቂቃ ሦስቱንም ጥያቄ እስከ መጨረሻ አንብቡ፣ ከዚያ የምታውቁትን ያዙና ጀምሩ። በቅደም ተከተል መሥራት ግዴታ አይደለም። ሲያልቅ ደግሞ ውጤታችሁ በነፃ እንዲላክለት የምትፈልጉትን አንድ ኮሌጅ እስከ ጁን 20 ባለው ጊዜ በአካውንታችሁ ላይ ምረጡ። ውጤቱ ጁላይ ላይ ይወጣል።